የኡስታድ ሸራፈት ግማሽ ቅቤ

ፓኪስታን ውስጥ ፋይሰላባድ በሚገኘው የአትክልት ቅቤ ፋብሪካችን የማርጊያውን ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የያዙት ኡስታድ ሸራፈት ነበሩ። ኡስታድ የምንለው የሙያውን አባት ነው። ትኩሱ ዘይት በቆርቆሮ ተሞልቶ ይገባላቸዋል፤ ሦስት ቀን ሳይነካ ቀስ ብሎ ሲበርድ ስቡ እንደ ሩዝ ስባሪ ፍሬ ፍሬ ይሆናል። በእኛ አገር ፍሬ የሌለው ቅቤ ቅቤ አይባልም። እኔ ኬሚስት ነኝ ብዬ በጫማ ዘው ስል፣ ቅቤው ተኝቷል ብለው በክርናቸው ገፍተው አስወጥተውኛል።

ሚስታቸው ቡሽራ ልቧን ታመመች። ሐኪሙ ሃይድሮጅን የተነፋበትን የድሮውን ቅቤ እርም በዪ አላት። እኛም በዚያው ሰሞን እሱን ትተን፣ የሚረጋውን የፓልም ዘይት ከሱፍ ዘይት ጋር ደባልቀን፣ ስቡን ፈታትተን መልሰን መግጠም ጀምረን ነበር። ለልብ ይሻላል። ሲረጋ ግን ልስልስ አለ፤ ፍሬ የሚባል ነገር ጠፋ።

ኡስታድ አንድ ቆርቆሮ ለቡሽራ ወሰዱላት። በጣቷ ነካ አድርጋ የፊት ቅባት ነው ብላ መለሰችው፤ ከጎረቤት የድሮውን እየተበደረች መብላቷን ቀጠለች።

አምስት ወር ለፋን። ድብልቁን ቀያየርኩ፣ እሳቸውም ማቀዝቀዙን አዘገዩት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንድ ቀን ላቦራቶሪ መጡና የተረፈው የድሮው ቅቤ ያለበትን መጋዘን ቁልፍ ጠየቁኝ። ለምን እንደፈለጉት ገብቶኛል፤ ግን እንዴት ብዬ ልከልክላቸው? ሰጠኋቸው።

የድሮውን ቤታቸው ወስደው ከአዲሱ ጋር ግማሽ በግማሽ አቅልጠው ቀላቀሉት፤ ጥግ አስቀምጠው አረጉት፤ ፍሬ አወጣ። አዲሱ ነው አሏት። ደስ ብሏት በላች፤ ይኸው እንዲህ ነው እንጂ ብላ ለጎረቤት አወራች።

እኔ በበኩሌ ድብልቁን መቀያየሬን አልተውኩም። የተፈታውን ስብ ቀንሼ ያልተነካውን ፓልም ስጨምርበት፣ ሁለት ቀን ሙሉ በአንድ ሙቀት ስናቆየው፣ ፍሬው መጣ። በሳህን ይዤ ወደ ማርጊያው ክፍል ሮጥኩ። ኡስታድ የሉም። ቡሽራ በማለዳ ሞታለች አሉኝ ሠራተኞቹ።

ከቀብር በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ፍሬው መጣ የሚባለው እውነት ነው?» አሉኝ።

«አዎ ኡስታድ።»

«ከድሮው ምንም የለበትም?»

«ምንም የለበትም።»

መዳፋቸውን አዩት። «ግማሽ ብቻ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። አንተ እንኳ ለምን አልከለከልከኝም ልጄ?»



በአርባኛው ቀን ለሰደቃዋ ሩዝ የተሠራው በአዲሱ ቅቤ ነበር። ለቀስተኛው ፍሬውን አደነቀ፤ የኡስታድ እጅ ነው አለ። እሳቸው ለሰው ሁሉ እጅ አስታጠቡ እንጂ አልቀመሱም።