አሪቲውና የጓሮው በር

ልጄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ላቬንደር የሚባል አበባ በጌጠኛ የፕላስቲክ ማሰሮ ይዞልኝ መጣ። "ሽታው ደስ ይልሻል እማዬ፤ አሪቲን ይመስላል" አለኝ። እውነቱን ነው። ቅጠሉ አመድማ፣ ቀጭን፣ በጣት ሲያሹት ቤቱን በሽታ የሚሞላ ሸጋ ነገር ነው። በረንዳዬ ላይ አኖርኩት። ክረምቱ ሲጠና ግን ከሥሩ ጀምሮ ቢጫ ሆነ፤ አንገቱን ደፋ።

ግቢዬ ውስጥ ስመኝ የምትባል የመካነ ብርሃን ልጅ ተከራይታ ትማራለች። "ስመኝ፣ እስቲ ይህን አበባ አንሺና ፀሐይ ካለበት አኑሪልኝ፤ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ" ብዬ ጠራኋት። እየመጣች ሳለ ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ "ዛሬስ ይቅርብኝ እማማ" አለችና በበረንዳው ማለፉን ትታ፣ በጓሮ ዞራ ክፍሏ ገባች።

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ለምን ይቅርብኝ እንዳለች መጠየቅ አላስፈለገኝም። በእሷ ዕድሜ እኔም በዚሁ ሰፈር በጓሮ ስዞር ነው የኖርኩት።

የትክል ድንጋይ ገበሬ ልጅ ነኝ። አገሬ ያለው ትምህርት ሲያልቅብኝ አባቴ በዚያ ጭቃ መንገድ ጎንደር አምጥቶ ዘመዳችን እትዬ ትበርህ ቤት አስቀመጠኝ። እትዬ ትበርህ ባላቸውን የቀበሩ፣ ቤታቸው የጠራ፣ ምላሳቸው የሰላ ሴት ነበሩ። ውሃ እቀዳላቸዋለሁ፣ ግቢ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ተማሪ ቤት እሄዳለሁ። አባቴ ሲሰናበተኝ፣ "ከሳቸው ተጣልተሽ ከመጣሽ የምትገቢው ትዳር ነው፤ እወቂው" አለኝ። ቀልዱን አልነበረም። ሰውየው ታጭቶልኛል፤ እሱም ጢሙ የሸበተ!

ከዋናው በር አጠገብ፣ በቀለም ቆርቆሮ የተተከለ አሪቲ ነበራቸው። ከሟች እናታቸው ግቢ ተነቅሎ የመጣ ነውና ሲያዩት ዓይናቸው ይረጥባል። ለበዓል ከቄጠማው ጋር ይጎዘጎዛል፤ ነጠላ ታጥቦ ሲታጠፍም ዘለላው መሀሉ ይደረጋል። በዚያ ክረምት አሪቲው ታመመ። እትዬ ትበርህ እንደ ሰው በሽተኛ አስታመሙት፤ ጧት ጧት ጠበላቸውን ይጠጡና የተረፈውን ቆርቆሮው ላይ ያፈሱለታል። በዝናብ ላይ ጠበል! ያኔ ማን ልብ ብሎት።

ነሐሴ ላይ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሳቸው። ቤቱ ትኩስ ዳቦና ዝናብ የመታው ጋቢ ይሸታል። እኔ ጠላ እቀዳለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ገና ከመቀመጣቸው፣ "ምነው ትበርህ፣ አሪቲሽን ምን ነካው?" አሉ።

"እኔስ ምን አውቄ!"

"ያቺ ልጅ በአደፏ ነክታው ይሆናላ! በወር አበባ የተነካ ተክል መቼ ይጸድቅና?"

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። እትዬ ትበርህ፣ "አንቺ፣ ነክተሽዋል?" አሉ። ነክቼዋለሁ። ባለፈው ወር፣ በዚያው በቀኔ፣ አንድ ዘለላ ቀጥፌ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ወፍጮ ቤት ሄጃለሁ። ጠላውን ከብርጭቆው አሳልፌ የእትዬ ዘነቡ ቀሚስ ላይ አፈሰስኩት። "ይኸው! በቃ እሷ ናት" አሉ፣ ቀሚሳቸውን እያራገፉ።

እትዬ ትበርህ ጓዳ ጠርተው ፍርዱን ሰጡኝ። አሪቲው ከሞተ ወደ አባቴ ይመልሱኛል። እስከዚያው ግን በቀኔ በዚያ በር ዝር እንዳልል፤ በዶሮ ቤቱ በኩል በጓሮ ልዙር።

የጓሮውን መንገድ ላውራችሁ። በተከራዮቹ ደጅ ነው የሚያልፈው። ጎረምሶቹ ጧት ፊታቸውን የሚታጠቡት እዚያ ነው። እኔ በጓሮ ስዞር እንግዲህ ቀኔ መሆኑን ግቢው በሙሉ ያውቃል ማለት ነው። አንዱማ ሳሙናውን ፊቱ ላይ እንደለቀለቀ፣ "ዛሬም በጓሮ ነው?" ብሎ ያፏጭብኛል። ወይ እኔ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው፤ እኔ ራሴ ማመኔ። ነፍስ ያጠፋሁ ያህል እጄን በአመድ እያሸሁ እታጠብ ነበር።

እኔ ሳልቀርበው ወር አለፈ፤ አሪቲው ባሰበት።

የመስከረም ማርያም ስትነግሥ ግቢው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔ ቀኔ ነበርና ቀረሁ። ዶሮ ቤቱ አጠገብ ተቀምጬ የከበሮውን ድምፅ ከሩቅ እየሰማሁ፣ ካልነካሁት ታዲያ ምን እየገደለው ነው ስል ድንገት ንዴት ያዘኝ። ተነሥቼ በዋናው በር ሄድኩና ቆርቆሮውን በሁለት እጄ አነሣሁት። እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ዘንበል ሳደርገው ጥቁር ውሃ ወጣ፤ ሽታው የሰነበተ እጣቢ ነው። ለካስ ታቹ ቀዳዳ የለውም! እኛ አገር አሪቲ ካቡ ላይ፣ ድንጋይ መሀል፣ ማንም ሳያጠጣው ነው የሚበቅለው።

ነቀልኩት። የበሰበሰውን ሥር በቢላዋ ቆረጥኩ፤ የደረቀውን ጫፍ ገረዝኩ። የቆርቆሮውን ቂጥ በምስማርና በድንጋይ በሳሳሁ። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ለልስን ከቀሃ ወንዝ የመጣ አሸዋ ከአፈር ጋር ቀላቅዬ መልሼ ተከልኩትና ፀሐይ የሚያገኘው፣ የጣራው ውሃ የማይንጠባጠብበት ቦታ አኖርኩት። መብረቅ የሚወርድብኝ መስሎኝ ወደ ላይ ሁሉ አይቻለሁ!

እትዬ ትበርህ ሲመለሱ፣ "ማነው ያዛወረው?" አሉ። "በአካፋ ገፋሁት፤ እጄ አልነካውም" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጠበሉን ቢያፈሱበትም ከሥሩ ይወርዳል። ኅዳር ላይ አሪቲው አመድማ ጉንቁሉን አወጣ። የማኅበሩ ሴቶች ቡና ሊጠጡ ሲመጡ እትዬ ትበርህ በኩራት አሳዩአቸው። "እዩልኝ! ልጅቷ ስለተጠነቀቀች ዳነ!" እልልታው ቀለጠ። ግንባሬን ስመው "ሸጋ ልጅ" አሉኝ። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን በየትኛው ቀን እንደነካሁት በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ልናገር? ያ ሽበታም ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ትምህርቴን እስክጨርስ በጓሮ ዞርኩ።

እትዬ ትበርህ ካረፉ ስንት ዘመን ሆናቸው። እኔም የረሳሁት መስሎኝ ነበር፣ ስመኝ በጓሮ እስክትዞር ድረስ። ክፍሏ ድረስ ሄድኩ።

"ማነው ተክል አትንኪ ያለሽ?"

"ማንም አላለኝ። ሰፈሩ ያወራው የለ እማማ? የእትዬ ትበርህ አሪቲ እርስዎ በጓሮ ስለዞሩ ነው የዳነ ይላሉ። እርስዎ እንኳ ካደረጉት፣ እኔማ ማን ነኝ ብዬ ነው።"

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለካስ የዋጥኩት ነገር እኔን ብቻ አይደለም በጓሮ ያዞረው። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያች ጠላ እንዳፈሰሰች ልጅ አፈርኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቆርቆሮውን፣ ምስማሩን፣ ቀኑን። አፏን በሻርፗ ይዛ ሰማችኝ።

"ዛሬ ቀንሽ ነው አይደል?" አልኳት።

"አዎ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እንግዲያው አበባውን የምናዛውረው ዛሬ ነው። ምስማርና ድንጋይ ይዘሽ ነይ፤ በዋናው በር።"