ስሱ ነጠላ

ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ስትሠራ «እማ፣ ‹ሁድዊንክ› ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ይህንኑ ቃል አባቴን ጠይቄው ነበር። አባቴ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ያን ዕለት ጣና ዳር ተቀምጠናል። እናቴን ታማ ወንዛዬ ፍል ውኃ ከወሰዷት ሰንብቷል፤ የለበስሁት ነጠላዋን ነው፤ የፀጉሯ ቅቤ ይሸተኛል። አባቴ ነጠላውን ሳብ አድርጎ ዓይኔን ሸፈነኝ።

«ይኸው፣ እንዲህ ማለት ነው፤ ማታለል። ጥንት ቆብ ዓይን ላይ ደፍቶ ሰው እንዳያይ ማድረግ ነበር። የእንግሊዞቹ አታላይ ዓይን ይሸፍናል። የእኛው ግን ብርሃን ያበዛል። ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስታርፍ ዓይንሽን ታጭበረብረው የለ? አጭበርባሪ የምንለውም ከዚያው ነው።»

«እማዬስ መቼ ትመጣለች?»

«ሲሻላት» አለ። ነጠላውን ግን ከፊቴ አላነሣውም።

ነጠላ ስስ መሆኑን ረስቶታል። በድሩ መካከል እንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ አየሁት። ቆይቶ ዓይኑን ጠረገና ገለጠኝ።

«ፀሐይዋ አጭበረበረችኝ» አለ።

«እኔንም» አልሁት።

እናቴ ከወንዛዬ አልተመለሰችም።

ልጄ እርሳሷን ይዛ ትጠብቃለች። «ማታለል ነው» አልኋት። አንዳንዴ ሁለት ሰዎች ተዋድደው የሚያደርጉት መሆኑን ግን አልነገርኋትም።