በእታለም እጅ የሚከፈት ካርቶን

በካርቶን ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ክፍል ኃላፊው ድረስ «ነጠብጣብ» ነው የሚሏት። ስሙን ማንም ያውጣው ማን ልክክ ብሎባታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራችው ነጠብጣብ መደርደር ነውና። ብስኩት፣ ፓስታ ወይም ሻይ ቅጠል የሚታሸግበት ካርቶን ላይ «በዚህ ይክፈቱ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የምታዩት የተበሳሳ መስመር የእሷ ሥራ ነው። ሰው ቀዶ፣ በልቶ ይጥለዋል እንጂ ማን ነደፈው ብሎ አይጠይቅም። እሷም ይህን ያህል አይከፋትም። የሚከፋት ካርቶኑ በቢላ ተዘንጥሎ ስታገኘው ነው። ያን ጊዜ ደሟ ይፈላል።

«እዩት እስቲ!» ትላለች ለጠረጴዛ ጎረቤቶቿ። «በር እያለ ግድግዳ ማፍረስ ምን ይሉታል?»

እውነቱን ለመናገር ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የቢላው አይደለም። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ሳይቆረጥ የሚቀር ትንሽ ወረቀት አለ፤ የሙያው ሰዎች «ድልድይ» ይሉታል። ድልድዩ ከረዘመ ካርቶኑ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልከፈትም ይላል። ካጠረ ደግሞ ገና መኪና ላይ እንዳለ አፉን ከፍቶ ብስኩቱን ይዘረግፋል። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ነገር ናት ሰውንና ካርቶንን የምታጣላው።

ነጠብጣብንና እህቷንም ያጣላቸው ይኸው ካርቶን ነው።

እናታቸው ስትሞት ነጠብጣብ የአራት ዓመት ልጅ፣ ታላቅ እህቷ ደግሞ የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች። እህትየው ልብስ ሰፊ ናት። በአንዲት የእግር ስፌት መኪና የሰው ቀሚስ እያሳጠረች፣ የሰው ሱሪ እያስረዘመች ታናሿን ለወግ ለማዕረግ አበቃቻት፤ ትዳር ልያዝ፣ ልጅ ልውለድ ሳትል ዕድሜዋ ነጎደ። ነጠብጣብ ዛሬ አርባ ሰባት ዓመት ቢሞላትም ስሟን ጠርታት አታውቅም፤ «እታለም» ነው የምትላት። እታለም አሁንም የምትኖረው በአውቶቡስ አምስት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ፣ አብረው ባደጉበት ቤት ነው። ጣቶቿን ቁርጥማት ቆልምሟቸው ስፌት ካቆመች ሰባት ዓመት ሆኗታል።

ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነጠብጣብ ልትጠይቃት ሄዳ ሳለ አንዲት ጎረቤት ለጨዋታ ብቅ አለች። እታለም እንግዳዋን ባዶ አፏን ላለመስደድ አንድ ካርቶን ብስኩት አወጣችና መታገል ጀመረች። በአውራ ጣቷ ሞከረች። በጥርሷ ሞከረች። ካርቶኑ ንቅንቅ አልል አለ። ነጠብጣብ ይህን ማየት አልቻለችም። የሥራ ጠባይም አለባት፤ ያልተከፈተ ካርቶን ፊቷ ካለ እጇ አርፎ አይቀመጥም። ላጥ አድርጋ ከእህቷ እጅ ወሰደችው።

«አምጪው ባክሽ! አንቺ እስክትከፍቺው እንግዳችን በረሃብ ታልቃለች» አለችና በአንድ ስበት ከፈተችው። ጎረቤቲቱ ከት ብላ ሳቀች። ነጠብጣብም ሳቀች። እታለም አልሳቀችም።

ጎረቤቲቱ ስትሄድ እታለም የሻዩን ብርጭቆዎች እየሰበሰበች፣ ፊቷን ሳታዞር «እጄ ላይ ያለ ነገር ከእጄ አይነጠቅም» አለች። «በነዚህ እጆች ነው ያሳደግኩሽ።»

አለቀ፤ ጠቡ ይኸው ነው። ስድብ የለው፣ ጩኸት የለው። ከዚያ ወዲህ ነጠብጣብ ስትደውል እታለም ዘግይታም ቢሆን ስልኩን ታነሳለች፤ ግን መልሷ የታወቀ ነው። ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ በይ ደህና ሁኚ። «እሑድ ልምጣ እንዴ?» ስትላት «ምን ያደክምሻል፣ መንገዱ ረጅም ነው» ትላለች። አትምጪ አትልም። ነይም አትልም። ነጠብጣብም ሳትጠራ ሄዳ እንደ ባዳ ወንበር ላይ ቁጭ ማለቱን ፈራችው።

ናፍቆት ግን አንጀቷን ይበላው ነበር። ሰው ሁሉ እህቱን ሲናፍቅ ፊቷን ይናፍቃል። እሷ የናፈቃት ትንሽ ትንሹ ነው፦ እታለም ክሩን በጥርሷ ቀጭ አድርጋ የምትበጥስበት ድምፅ፣ ከንፈሯ መካከል መርፌ ይዛ «ቀጥ ብለሽ ቁሚ» የምትልበት አነጋገር፣ ቀሚስ ስትለካ የወገብ አጥንት ላይ የሚያርፈው ቀዝቃዛ ጣቷ። እሑድ እሑድ ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን፣ እታለም የሰፋችላትን አሮጌ ቀሚስ ከቁም ሳጥን አውጥታ ጠርዙን በጣቷ ትዳስሰዋለች። ከዚያ መልሳ ትሰቅለዋለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

እንዲህ እያለች ሳለ አንድ ብስኩት ፋብሪካ አቤቱታ ይዞ መጣ። ደንበኞቻችን፣ በተለይ በዕድሜ የገፉት፣ ካርቶናችሁን መክፈት አቃታቸው፤ አዲስ ሥሩልን አለ። ወረቀቱ ነጠብጣብ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ «በዕድሜ የገፉት» የሚለውን ደግማ አነበበችው። ለማን እንደምትሠራው ያኔውኑ አወቀች።

ሁለት ሳምንት ከመስመሩ ጋር ስትታገል ከረመች። ናሙናው ሲያልቅ እንደ ደንቡ ለፈተና ቀረበ። የፋብሪካው ፈተና አምስት ሠራተኛ ጠርቶ ማስከፈት ነው፤ አውራው ፈታኝ ደግሞ እጁ ከመስፋቱ የተነሳ «ዶማ» የሚባለው ጫኝ ነው። ዶማ የቀረቡለትን አሥር ካርቶኖች አንድ በአንድ ቦጨቃቸውና እጁን አራገፈ።

«እንደ ቅቤ ነው!» አለ።

«በይ ፈርሚ» አላት ኃላፊው።

«የምን ፊርማ?» አለች ነጠብጣብ። «ይሄ እጅ እኮ በር ይገነጥላል! የዚህን ካርቶን ነገር እሱን መጠየቅ ዝናብ አይበርድም ወይ ብሎ ዓሣን መጠየቅ ነው።»

ኃላፊው ዓይኑን አጉረጠረጠ። እሷ ግን ቢሮዋ ገብታ አራት ጣቶቿን በማሸጊያ ፕላስተር ጠፍንጋ አሰረችና በዚያ እጅ ካርቶኑን መክፈት ጀመረች። በዚህ መካከል ስልክ ጮኸ፤ ማንሳት አቃታት፤ በክንዷ ስትገፋው መሬት ወደቀ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች። ወዲያው ግን እታለም ስልክ ስታነሳ ለምን እንደምትዘገይ ገባትና ሳቋ ከአፏ ጠፋ። በዚያው ቀን ደወለች።

«እታለም፣ የሥራ ጉዳይ ነው። እጅሽን ፈልጌው ነው።»

«እጄን? ምን የሚረባ እጅ አለኝ ብለሽ?»

«እዚህ ያለው እጅ ሁሉ ጤነኛ ነው። እውነቱን የሚነግረኝ እጅ አጣሁ።»

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«ቅዳሜ ቤት ነኝ» አለች እታለም።

ቅዳሜ ሄደች። የስፌት መኪናዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና መስኮቱ ሥር እንደቆመች ናት፤ ቤቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ተሳሳሙ፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ለወጉ ያህል። ነጠብጣብ ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። ከዚያም ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው። ምን ታድርግ፣ ራሷን አታምንም።

እታለም ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳበች። መነሻው ላይ ያለችውን ትንሽ የወረቀት ምላስ ለመያዝ ሞከረች፤ አመለጠቻት። ደግማ ሞከረች። የወረቀቷ ምላስ ተጣጠፈች። ነጠብጣብ እጆቿ እስኪደነዝዙ ድረስ ከጭኖቿ ሥር አላወጣቻቸውም። እታለም ቀና ብላ ከጭኖቿ ሥር የተቀበሩትን የታናሿን እጆች አየች፤ ከንፈሯ ዳር ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለና ጠፋ።

«እምቢ ብሏል» አለች።

«የቱ ጋ ነው እምቢ ያለሽ?»

«ገና መነሻው ላይ። ይሄ መቆንጠጥ ይፈልጋል። እኔ መቆንጠጥ ከተውኩ ቆየሁ። መግፋት ግን እችላለሁ፤ በዚህ በመዳፌ ሥር።» መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አሳየቻት። «ደግሞ ወረቀቱም እንደ ጨርቅ ነው፤ ክሩ የሚሄድበት አቅጣጫ አለው። አንቺ ክሩን አቋርጠሽ ነው ያስቀደድሽው። ስንት ዓመት አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ይሄን አላየሽም?»

ነጠብጣብ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየችው። የምትሠራበት ክፍል ውስጥ አምስት ነዳፊ፣ ሁለት ኮምፒውተር አለ፤ አንድ ወረቀት ላይ ብዙ ካርቶን ለማብቃቃት ብለው ወረቀቱን ባዞሩት ጊዜ ክሩ አብሮ መዞሩን ማንም ልብ አላለም ነበር። ተሳስታ እንዲህ ደስ ያላት ቀን የለም። የተሳሳተ ካርቶን እኮ መስተካከል አለበት፤ ለማስተካከል ደግሞ መመለስ ያስፈልጋል።

በወሩ ተመለሰች። የወረቀቱን ምላስ አስቀርታ በመዳፍ የሚገፋ ክብ መግቢያ አድርጋለታለች፤ ክሩንም አዙራዋለች። እታለም ገፋችው። መግቢያው ትንሽ ጎበጠ። «ከፊተኛው ይሻላል፤ ግን ይጠብቃል» አለች። ያን ቀን ራት አብረው በሉ፤ እታለም ስለ ጎረቤቶቿ እያወራች ሁለት ጊዜ ሳቀች። ነጠብጣብ ሦስት ናሙና ትታላት፣ ድልድዮቹን ለማሳጠር ቃል ገብታ ተመለሰች።

ፋብሪካው ግን እታለምን አልጠበቀም። ብስኩት ፋብሪካው አዛውንቶች ሰብስቦ ሁለተኛውን ናሙና ሲያስከፍት ሁሉም ከፈቱት፤ መቁረጫው ምላጭ ታዘዘ፣ ማሽኑ ተነሳ። ኃላፊው እጇን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ሁሉም ሲያጨበጭብ እሷ ደስታው አልተሰማትም። ሥራው አለቀ ማለት እኮ ምክንያቱም አለቀ ማለት ነው። እታለም ቃል የተገባላትን ሦስተኛውን ናሙና ከከፈተችው ከዚያ በኋላ ምን ብላ ትሄዳለች?

የመጨረሻውን ናሙና በእጇ ስትቆርጥ ክፉ ሐሳብ መጣባት። ድልድዩን ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ባስረዝመው እምቢ ይላል፤ ማንም አያውቅብኝም አለች። ምላጩን ይዛ ብዙ ቆየች። ነገር ግን አውቆ ለእታለም እጅ የማይከፈት ካርቶን መሥራት ያኔ ከእጇ ከመንጠቅም የባሰ መሰላት። አሳጥራ ቆረጠችው። አምስቱን ሰዓት መንገድ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ምነው መንገዱ በረዘመ እያለች ሄደች።

እታለም መዳፏን መግቢያው ላይ አሳረፈች። ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የመጀመሪያዎቹ ድልድዮች ሲበጠሱ የሚሰማ ድምፅ ነው፣ ነጠብጣብ በእንቅልፏም ታውቀዋለች። እታለም ግን እጇን አነሳች።

«ገና ነው» አለች። «ይጠብቃል።»

ነጠብጣብ ግራ ገባት። ድልድዩ ከዚህ በላይ ቢያጥር ካርቶኑ አየር ላይ ይበተናል! ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሻይ ቅጠሉን ስትፈልግ መደርደሪያው ላይ ካለፈው ጉብኝት የቀሩትን ሦስት ካርቶኖች አገኘቻቸው። አንዱ አዝራር፣ አንዱ ክር፣ አንዱ የተሰባበረ ጠመኔ ተሞልቶበታል። ሦስቱም ተከፍተዋል። የቢላ ምልክት የለባቸው፣ የጥርስ ምልክት የለባቸው። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ሳይስት ሄዷል፤ የከፈተው ሰው አልታገለም፣ አልቸኮለም። ከወር በፊት ይጠብቃል የተባለው ካርቶን ነው።

ነጠብጣብ ውኃው እስኪፈላ ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች። እታለም፣ ያቺ ኩሩ እታለም፣ ነይ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ ቢላት ካርቶኑን እየከፈተች «ይጠብቃል» ትላት ኖሯል። ካርቶኖቹን አልነካቻቸውም። ሻዩን ይዛ ወጣችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልክ ነሽ እታለም» አለች። «ገና ነው፤ ብዙ ይቀረዋል።»

«አልኩሽ እኮ።»

«በሚመጣው ወር ሌላ ሠርቼ አመጣልሻለሁ።»

እታለም ብርጭቆውን በሁለት መዳፎቿ መካከል ይዛ፣ ቀና ሳትል አንድ ጊዜ ፉት አለች።

«ወር ሩቅ ነው» አለች።