በሐጂ ሳሎን የነበረው ባሕር

ሐጂ ኢብራሂም ቤት መጀመሪያ የተጠራሁ ቀን ፍሪጅ ልጠግን የምሄድ መስሎኝ ነበር። ጋዝ መሙያዬን፣ መበየጃዬንና የመዳብ ቱቦ ጥቅሌን ይዤ ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ወደ መጋላ ሄድኩ። ሳሎን ስገባ ግድግዳውን ግማሽ የያዘ ትልቅ መስታወት ቆሟል። ውስጡ ውሃ፣ ድንጋይና አሸዋ አለ። ዓሣ የለም።

«ይሄን አቀዝቅዝልኝ» አሉኝ ሐጂ።

«ምንድን ነው ሐጂ?»

«ባሕር ነው።»

ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ጅቡቲ አጎታቸው ዘንድ፣ ከባሕሩ ዳር ነው። ሲያረጁ ኩላሊታቸው ታሞ ሐኪም መንገድ ከለከላቸው። እሳቸው ወደ ባሕሩ መሄድ ካልቻሉ ባሕሩን ወደ ቤት ማምጣት ፈለጉ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ባቡሩ ወርክሾፕ በረዳትነት ገብቼ፣ የማቀዝቀዣ መካኒክ ሆኜ ወጣሁ። ከቆርቆሮ ሰርዲን በቀር የባሕር ዓሣ አላውቅም ነበር።

የፍሪጅ ሰው እጁ ወደ መዳብ ይሄዳል። ያን ዕለት ቱቦዬን ጠምዝዤ ውሃው ውስጥ ልከት ስል፣ ጥግ ይዞ ጫቱን የሚቀነጥስ ሰው ጮኸብኝ።

«ወሪያ! ተው! መዳብ ለነሱ መርዝ ነው። ዓሣውን የሚሸጥልኝ ሰውዬ አስምሎኛል።»

ሙሳን ያወቅሁት እንዲህ ነው። የጅቡቲን መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የባሕሩን ውሃ በበርሜል፣ ድንጋዩንና ዓሣውንም የሚያመጣው እሱ ነበር። ያገለገለ የአኳሪየም ማቀዝቀዣም ከዚያው አመጣልን፤ ከውሃው ጋር የሚነካካው ቱቦው መዳብ ያልሆነ። አደስኩትና ኮምፕረሰሩን ከሳሎኑ ውጭ፣ በግቢው በኩል ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ሙቀቱ ወደ ቤት እንዳይመለስ ነው።

በዚያው ቀረሁ። ፍሪጅ መጠገኑን ለሌሎች ትቼ የሐጂ ባሕር ጠባቂ ሆንኩ።

ወጣት ቴክኒሻኖች ስለሚጠይቁኝ የሥራውን አካሄድ ልናገር። መጀመሪያ ድንጋዩ ይገባል። ከባሕር የወጣ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት የሚኖሩበት ድንጋይ ነው። ቆሻሻውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። እነሱ እስኪበዙ ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቸኩለህ ዓሣ ብትጨምር በራሱ ሽንት ይመረዛል። ከዚያ ዓሣው ጥቂት በጥቂት ይገባል። ሙሳ በላስቲክ ያመጣውን ባልዲ ውስጥ አድርጌ የእኛን ውሃ በጉሉኮስ ቱቦ ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ። ድንገት ከገባ አይችለውም።

የድሬ ሙቀት ውሃውን በየቀኑ ይቀንሰዋል። የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ስለዚህ በጎደለው ፋንታ የሚጨመረው ጨው የሌለው ውሃ ነው። የቧንቧችን ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ስለሆነ በማጣሪያ አሳልፈዋለሁ። የሙሳ ውሃ የሚያስፈልገኝ የቆሸሸውን ስቀይር ብቻ ነበር።

«ሰው ከጅቡቲ ሩዝና ዘይት ይጭናል» ይል ነበር ሙሳ። «እኔ ውሃ! ኬላ ላይ ቀምሰው እየተፉ ነው የሚያሳልፉኝ አቦ።»

መጀመሪያ ያመጣቸው ዓሣዎች በመንገዱ ሙቀት አለቁ። የሁለተኛው ጉዞ ተረፈ። ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎች፣ አንዲት ቀይ ሽሪምፕ፣ ደግሞም ሰውነቷ ሰማያዊ ጭራዋ ቢጫ የሆነች አንዲት ትልቅ ዓሣ። ይቺ ትልቋ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰች ድንጋዩን ሁሉ ትፈትሻለች። ሐጂ እንደ ባቡር ተቆጣጣሪ ቆጥረው «ኮንትሮለር» አሏት። ሳሎን ስገባ «መጣችልህ፣ ትኬትህን አሳይ» ይሉኛል።

ሐጂ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ፊት ለፊቷ ይቀመጣሉ። ከሰዓትም የጫት በርጫቸው እዚያው ነው። አንድ ቀን አንድ እንግዳ «ለሷም ትድረሳት» ብሎ የጫት ቅጠል ጣል ሊያደርግ እጁን ዘረጋ።

«ተው አንተ» አሉት ሐጂ። «ሌሊቱን እንቅልፍ ስታጣ አንተ መጥተህ ታጫውታታለህ?»

ባለቤታቸው ሐጃ ዘሃራ «በስተርጅና ጣውንት አመጣብኝ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አጠገቡ ሲደርሱ ግን መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ሳይወለውሉ አያልፉም።

መብራት በጠፋ ጊዜ በራሱ ተነስቶ አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ በባትሪ አስሬ ነበር። ግማሽ ቀን ያህል ይይዛል። ከሙቀቱ ይልቅ ቶሎ የሚገድላቸው የአየር እጦት ነው። ከዚህ በቀር መብራቱም፣ ትልቁ ፓምፕም፣ ማቀዝቀዣውም በአንድ ማከፋፈያ አልፈው አንድ ሶኬት ላይ ተሰክተው ነበር። ሐጂ ሳሎናቸው ውስጥ ገመድ ሲበዛ አይወዱም።

የሐጂ ኩላሊት ጠናና ወደ አዲስ አበባ ሊወስዷቸው ሆነ። የሚሄዱ ዕለት መስታወቱ ፊት አቆሙኝ።

«ታዴ፣ ሱቁን ወንድሜ አህመድ ይይዘዋል። ቤቱ ዘሃራ አለችለት። ይሄ ግን ካንተ በቀር ማንም የለውም። አደራ።»

«ተመልሰው ያዩዋቸዋል ሐጂ።»

«እሱን አላህ ያውቃል። አንተ አደራዬን ተቀበል።»

ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እየሄድኩ የሙቀቱንና የጨውን መለኪያ አያለሁ፣ የጎደለውን እሞላለሁ፣ አበላቸዋለሁ። አንድም ዓሣ አልታመመብኝም።

ሐጂ የሞቱ ዕለትም እንደ ልማዴ ጠዋት ሠርቼ ወጣሁ። መርዶውን የነገረኝ ሙሳ ነው። አስከሬኑ በዚያው ቀን በአውሮፕላን ገባ፤ ሄደን ተቀበልን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መስጊድ ሲሰገድባቸው ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ አብሬ ቀበርኩ።

ስንመለስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ወንዶች ድንኳን፣ ሴቶች ሳሎን። የደረሰኝ ወንበር ኮምፕረሰሩ ከተሰቀለበት ግድግዳ አጠገብ ነበር። ስቀመጥ እጄን አስደገፍኩበት። ቀዝቃዛ ነው። የሚሠራ ኮምፕረሰር በዚያ ሰዓት እጅ ያቃጥላል። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ጸጥ ብሏል። ቀና ብዬ የሳሎኑን መስኮት አየሁ፤ መጋረጃው ላይ ሁልጊዜ የሚያርፈው ሰማያዊ ብርሃን የለም። የበረንዳው አምፖል ግን በርቷል። መብራት አልጠፋም።

አህመድን ወደ ጎን ጠራሁት።

«አህመድ፣ ሳሎን ያለው የዓሣው ማሽን ጠፍቷል መሰለኝ።»

«እኔ ነኝ ያስነቀልኩት» አለ። «ሰማያዊ መብራት እየበራ፣ ውሃው እየተንፏፏ፣ ሰርግ ቤት እኮ ነው የሚመስለው። ሰው ምን ይለናል? ቴሌቪዥኑም ተነቅሏል። የዓሣውንም መስታወት አንሶላ አልብሰነዋል።»

«መብራቱ ይጥፋ። ፓምፑ ብቻ ይሰካ። አለዚያ ይሞታሉ።»

ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። አህመድ ክፉ ሰው አይደለም።

«ጋሽ ታደሰ፣ ወንድሜን አሁን አፈር አልብሼ መጣሁ። አንተ ስለ ዓሣ ትነግረኛለህ?»

ሰዎች ዞረው አዩን። አንገቴን ደፍቼ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ።

«ምን ሆንክ?» አለኝ ሙሳ።

ነገርኩት። «ባትሪው እስከ ማታ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ የለም» አልኩት።

«ታዲያ ሴቶቹ መሃል ልትገባ ነው? ሐጃ የባሏን ሐዘን ዒዳ ገብታለች፤ ባዕድ ወንድ እሷ ፊት አይቆምም።»

«አንዷን ሴት ብንልክስ?»

«ምን ብላ ትግባ? ባሏን ለቀበረች ሴት ጆሮ የዓሣ ወሬ ይዛ? ተው አቦ ታዴ፣ ተቀመጥ። ሰው እንዳይታዘብህ።»

ተቀመጥኩ። ሩዝ መጣ፤ አልወረደልኝም። አንዲት ልጅ ሳህኑን ልታነሳ ስትመጣ አፌን ከፈትኩ። ጎንበስ ብላ ጠበቀችኝ።

«ምን ላምጣልዎት?»

«ውሃ» አልኳት።

አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ። ሰው ሲበተን እኔም ሄድኩ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። ግድግዳው ላይ ግን እጄን አላሳረፍኩም።

ድንኳኑ እንደፈረሰ አህመድ ደወለ። «ጋሼ፣ ሽታ አለ። መጥተህ አንሳልን» አለኝ።

አንሶላውን ገለጥኩት። ውሃው ወተት መስሏል። ኮንትሮለር ላዩ ላይ ተንሳፋለች፤ ሁለቱ ባለ መቀነቶች ድንጋያቸው ሥር ጎን ለጎን ወድቀዋል። ሽሪምፗን ፈልጌ አጣኋት። በፎጣ ጠቅልዬ ጓሮው ውስጥ ቀበርኳቸው። ጨው ያለው ውሃ ጓሮ አይደፋም፤ አትክልት ያደርቃል። በበርሜል እየሞላን ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ደፋነው። ያ ሁሉ የሙሳ ምልልስ፣ አሸዋው ወዲያው ጠጣው።

በርሜሉን በአንድ ወገን ይዞ ያገዘኝ አህመድ ነው። «እንዲህ መሆኑን ባውቅ…» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም አልጨረስኩለትም።

መስታወቱን አንድ ባለ ሱቅ ወሰደው። አሁን መጋላ ገበያ መግቢያ ላይ ሳምቡሳ ይደረደርበታል። ጥግ ጥጉን የለጠፍኩበትን ሲሊኮን በሩቁ አውቀዋለሁ።

ሐጃ ዘሃራ ዒዳቸውን ሲጨርሱ አስጠሩኝ። ሳሎን ገባሁ። መስታወቱ የነበረበት ቦታ ፍራሽ ተነጥፎበታል።

«ታዴ፣ ለምን አጠፋኸው?» አሉኝ።

«እኔ?»

«ያንን ነገር የምትነካው አንተ ብቻ ነህ። ተነቅሎ፣ ተሸፍኖ ሳየው ታዴ ለሐዘኑ ብሎ ነው፣ አንድ ዘዴ ይኖረዋል ብዬ ተውኩት። ጀርባዬን እሱ ላይ አስደግፌ ነው የተቀመጥኩት። ያቺ ትንሿ ፓምፕ ስታንሾካሽክ እሰማ ነበር። ማታ ላይ ድምጿ እየደከመ እየደከመ ጠፋ። ይሄም ሥራው ነው አልኩ።»

«አህመድ ነው ያስነቀለው ሐጃ። እኔ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ በሩን አታንኳኳም?»

«አፈርኩ።»

የፍራሹን ጫፍ በእጃቸው አስተካከሉ። ከዚያ፣ «ሆስፒታል ሆኖ በስልክ ‹ጣውንትሽን አሳዪኝ› ይለኝ ነበር» አሉ። «ስልኩን መስታወቱ ላይ እይዝለታለሁ። ሊሞት ማታም አይቷታል። እኔ እኮ እከፍትልህ ነበር፣ ታዴ።»

ሻይ አስቀረቡልኝ። ጠጥቼ ወጣሁ።

አሁን ፍሪጅ ጥገናዬን ይዣለሁ። ፍሪጅ ሲጠፋ የሚበላሸው ሥጋ ቀድሞውኑ የሞተ ነው፤ ለኔ ይሻለኛል። አኳሪየም ሊይዝ የሚፈልግ ሰው ሲጠይቀኝ ግን የምለው ይሄን ነው። የመብራቱን ሶኬት ከፓምፑና ከማቀዝቀዣው ለዩ። ለባለቤቱ ያሳያችሁትን ለቤቱ ሰው ሁሉ አሳዩ። ጠፍቶ ካገኛችሁት፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን በሩን አንኳኩና ሰኩት። ይቅርታውን በኋላ ትጠይቃላችሁ።