ከአካላ ማጠቢያ ቤት እስከ ሴኡል

ከአዋሳ የወጣሁ ለት ማታ እማዬ አላለቀሰችም። ሌላው ሁሉ አለቀሰ። ጎረቤት አለቀሰ፣ የኳየር ጓደኞቼ አለቀሱ፣ ጭራሽ ሻንጣዬን የጫነው ሾፌር እንኳ አፍንጫውን ጠረገ። እሷ ግን አንድ ጠርሙስ ዳጣ በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ "ሰብለ፣ ድምፅሽን ለዓለም እንዳትሰጪ፤ የእግዚአብሔር ነው" አለችኝ።

"እሺ እማዬ።"

"ቃል ግቢልኝ።"

"ቃል እገባለሁ።"

መኪናው ተነሳ። ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የማወራችሁ ሁሉ ከዚህች ቃል ጋር ያለኝ ጣጣ ነው።

እማዬ የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር መሪ ናት። እኛ ጴንጤዎች ቤት መዝሙር መዝሙር ነው፣ ዘፈን ደግሞ ዘፈን፤ ቀልድ የለም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እሷ ትመራለች፣ እኔ እቀበላለሁ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረብኝ፤ እቸኩላለሁ። እሷ ሳትጨርስ ትንሽ ቀደም ብዬ እገባለሁ። በጉባኤው ፊት ስንት ጊዜ በዓይኗ እንደቆነጠጠችኝ! "አትቸኩዪ! ልጨርስ እንጂ!" ትለኝ ነበር እቤት ስንገባ።

ዳጣው ትራንዚት ላይ ቀረ።

"ፈሳሽ ነው?" አለኝ ፈታሹ።

"አይደለም።"

"ቅባት ነው?"

"ምግብ ነው።"

ክዳኑን ከፈተና አሸተተ። ሦስት ጊዜ አነጠሰ። ባልደረባውን ጠራ፤ እሱም አሸተተ፣ እሱም አነጠሰ፣ የሁለቱም ዓይን እንባ ሞላ። "ይህ ምግብ አይደለም" ብለው ወሰዱብኝ። በስደቴ ያለቀሱልኝ የመጀመሪያዎቹ ፈረንጆች እነሱ ናቸው።

ስቶክሆልም የመጣሁት ለትምህርት ነው። ትምህርቱ አለቀ፣ እኔ ቀረሁ፤ በመሃል ያለውን የወረቀት ጣጣ ባልነግራችሁ ይሻላል። ኅዳር ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል፤ አዋሳ ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ማለት ነው። ዓሣ አላቸው፣ ግን ስኳርና ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው ነው የሚበሉት! ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ ትኩስ ጥብስ ዓሣ በዳጣ የበላ ሰው እዚህ ምን ይበል? ድንቹን ብቻ በላሁ።

ሥራ ፈላጊ ሆኜ ስመዘገብ መዝጋቢዋ፣ "ምን ትችያለሽ?" አለችኝ።

"አስተማሪ ነበርኩ። እዘምራለሁም።"

"ለመዘመሩ ኢንቲግ አለሽ?"

"ምን?"

"ኢንቲግ፤ ማስረጃ።"

"ድምፄ ነዋ ማስረጃው፤ ላሰማሽ?"

"አይ አይ! እኛ የምንፈልገው ወረቀት ነው" አለችና "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከዚያ ሜርስታ የምትባል ከተማ፣ የአውሮፕላን ምግብ የሚያሽግ ድርጅት ገባሁ። አንድ ዳቦ፣ አንድ ቅቤ፣ አንድ ማንኪያ፤ አንድ ዳቦ፣ አንድ ቅቤ፣ አንድ ማንኪያ። የእሁድ ጠዋት ተራ ስለሚደርሰኝ ኳየር የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ።

ቤት ያገኘሁት አካላ ነው፣ የሰማያዊው ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ መጨረሻ ጣቢያ፣ እትዬ አስካለ ዘንድ አንድ ክፍል። እትዬ አስካለ ድሮ መጥተው፣ ሠርተው፣ ጡረታ የወጡ ኦርቶዶክስ ናቸው። አንገታቸው ላይ ማተብ፣ አፋቸው ውስጥ ምላጭ።

"ትዘፍኛለሽ?" አሉኝ ገና ቁልፉን ሳይሰጡኝ።

"ኧረ እኔ ዘፈን አልዘፍንም እትዬ!"

"ለምን? ጴንጤ ነሽ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ትዘምሪያለሻ!"

"እ... ቀስ ብዬ።"

"ባሰ! ዘፈንስ ያልቃል። ስሚ ልጄ፣ እዚህ ቤት ድምፅ የለም። ግድግዳው ወረቀት ነው፤ ከታች ያለው ሰውዬ ደግሞ ደብዳቤ ጸሐፊ ነው።"

ስለዚህ ትቬትስቱጋ ወረድኩ። ትቬትስቱጋ የሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ነው፣ ምድር ቤት ያለ፣ በተራ የሚያዝ። የስዊድን ሰው ብዙ ነገር ይታገሳል፣ የማጠቢያ ተራውን የነካበትን ግን አይምርም። የኔ ተራ ማክሰኞ ነበር። ማሽኑ ሲያጓራ ድምፄን ይሸፍናል ብዬ እለቀዋለሁ። እማዬ የምትመራውን በልቤ እየሰማሁ በአፌ እቀበላለሁ። ግማሽ መዝሙር ማለት ነው! የሰማ ሰው አበደች ሳይል አይቀርም።

እሁድ ማታ እማዬ ትደውላለች። መስመሩ ይዘገያል፤ እኔ የምለው እሷ ዘንድ ቆይቶ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ እንሻማለን። "ትዘምሪያለሽ ወይ?" ትለኛለች። "እዘምራለሁ እማዬ።" የት እንደሆነ አትጠይቀኝም፣ እኔም አልነግራትም።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ስወርድ የማጠቢያው በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። "ማክሰኞ ለምትዘምሪው፦ ይህ ልብስ ማጠቢያ እንጂ ኦፔራ ቤት አይደለም። ከሰላምታ ጋር፣ ጎረቤትሽ" ይላል። ፊት ለፊት መናገር እዚህ የለም፤ ይጽፉልሻል፣ ያውም ከሰላምታ ጋር! ልብሴን ሰብስቤ ልወጣ ስል ግን ከሥሩ በአረንጓዴ ብዕር ሌላ ጽሑፍ አየሁ። "እባክሽ አታቁሚ! አምስተኛ ፎቅ ነኝ፤ በሬን አንኳኪ። ኤሊን።"

አንኳኳሁ። ፀጉሯን በእርሳስ የቋጠረች ቀጭን ልጅ ከፈተችልኝ። ዘፈን ደራሲ ናት።

"ለማን ነው የምትጽፊው?" አልኳት።

"ለኮሪያ የሴቶች ቡድን።"

"ኮሪያኛ ትችያለሽ?"

"አንዲት ቃል እንኳ አልችልም!"

ሳቄ መጣ። ለካ እዚህ ከተማ ምድር ቤት ተቀምጠው ለኮሪያ ዘፈን የሚሠሩ ሰዎች ሞልተዋል! ኮሪያዎቹ ገዝተው በራሳቸው ቋንቋ ያዘፍኑታል። ኤሊን አምስት ልጆች የሚዘፍኑት አዲስ ዘፈን ጀምራለች፣ አንድ ነገር ግን ጎድሎባታል። "ከማጠቢያው ቤት የሚሰማው መልስ፣ እሱን ነው የምፈልገው። ቃል የለውም፤ ኦ ኦ ብቻ በይልኝ" አለችኝ።

ቃሌስ? ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ እዚህ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆኑትን ጋሽ ታምራትን ልጠይቅ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ቃል የሌለው ነገር ዘፈን ይባላል?"

"ምንድን ነው የሚለው?"

"ኦ ኦ።"

"ለማን?"

"ለኮሪያ ልጆች።"

ጋሽ ታምራት መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "እንግዲህ ልጄ፣ እኔ ኮሪያኛ አልችልም" አሉኝ። እኔም ይህን ፈቃድ ነው ብዬ ተረጎምኩት። አጠገባቸው የነበረችው የልጅ ልጃቸው ናኦሚ ግን ከሶፋው ተስፈንጥራ ተነሳች። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው፤ "የትኞቹ? የትኞቹ?" እያለች እጄን ልትነቅለው ደረሰች። እኔ የማውቀው አምስት መሆናቸውን ብቻ ነበር።

ስቱዲዮው መሃል ከተማ፣ ሶደርማልም ነው። ከሴኡል፣ ከኩባንያው፣ ሱንሂ የምትባል ሴት መጥታለች። የሚስጥር ውል ስትሰጠኝ በሁለት እጇ ይዛ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰጠችኝ፤ እኔም ሳላስበው በሁለት እጄ፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልኳት። ተያየን። እዚህ አገር እኮ ፕሮፌሰሩም ሕፃኑም "አንተ" ነው፤ እጅ መንሳት እንኳ ረስቼ ነበር! ቀጥላ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። በሁለት ዓመት በለጥኳት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ "ኦኒ" ሆንኩ፤ ታላቅ እህቴ ማለት ነው፣ ልክ እንደኛ እትዬ። ውሉ እንዳይጠሩ ስለሚል የአምስቱን ልጆች ስም አልነግራችሁም፤ አትቀየሙኝ።

ምሳ ላይ ሱንሂ ከቦርሳዋ የአገሯን ቀይ ድልህ አወጣች። ቀመስኩ።

"ዳጣ!" ብዬ ጮኽኩ። ዳጣ አይደለም፤ ትንሽ ይጣፍጣል። የዳጣ የአክስት ልጅ ነው እንበል። ግን እንባዬ ወረደ፣ ከማቃጠሉም ከሌላውም። ኤሊንም ጀግና ልሁን ብላ በማንኪያ ጎረሰችና ውኃ ፍለጋ ሮጠች።

ከዚያ ተቀረፅን። ኤሊን በልጆቹ ፋንታ ትርጉም የሌለው እንግሊዝኛ ትዘፍናለች፣ እኔ እቀበላለሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

"ትንሽ ትቀድሚያለሽ" አለችኝ ኤሊን።

ድንግጥ አልኩ። እማዬ እዚህ ድረስ መጣች!

"ግድ የለም፣ አስተካክለዋለሁ" አለችና ድምፄን ኮምፒውተሩ ላይ በጣቷ ጎትታ ልኩ ላይ አስቀመጠችው። አጫወተችው። ሱንሂ ፊቷን አጨፈገገች። "ሞተ" አለች። ኤሊን ወደ ነበረበት መለሰችው። ዘፈኑ ነፍስ ዘራ! ልጆቹ ገና ሳይጨርሱ አንድ ሰው ከሩቅ አላስችል ብሎት አቤት ያለ ይመስላል። ሦስታችንም ተነስተን እንደ ሕፃን ዘለልን። ስንት ዓመት የተቆነጠጥኩበት ጥፋቴ ተሸለመ እኮ!

በመጨረሻ ኤሊን፣ "የዘፈኑ ሠሪዎች ዝርዝር ላይ ስምሽ እንዴት ነው የሚጻፈው?" አለችኝ።

"አትጻፊው።"

"ለምን?"

"እናቴ።"

"እናትሽ ሙዚቃ አትወድም?"

"ከሁሉ በላይ ትወዳለች፤ ችግሩ እሱ ነው" አልኳት። አልገባትም። ስሜ ቀረ።

ከወራት በኋላ ከሱንሂ መልእክት መጣ። ልጆቹ የኔንም ቦታ በራሳቸው ድምፅ ሞክረውት ነበር፤ ሁሉም በልኩ እየገቡ አስቸገሩ! ስለዚህ የኦኒ ድምፅ እንዳለ ይቀመጥ ተባለ።

ዘፈኑ የካቲት ውስጥ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወጣ፤ ሴኡል ላይ ምሽት ነው። የማጠቢያ ተራ ስለነበረኝ ሁሉም ሰው ትቬትስቱጋ ወረደ። ኤሊን መጣች፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበረ ናኦሚ መጣች፤ እትዬ አስካለ ደግሞ ማሽኑን አበላሽቼ እንደሆነ ሊያዩ ወረዱ። በናኦሚ ስልክ አምስት ልጆች የብር ቦት ጫማ አድርገው ብቅ አሉ። አቤት ውበት! ከዚያ እኔ መጣሁ። ሲሚንቶው ክፍል ውስጥ፣ ማሽኑ እያጓራ፣ ኦ ኦ! ናኦሚ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ደግሞ በአማርኛ፣ "እትዬ ሰብለ! አንቺ ነሽ እኮ!" እትዬ አስካለ በእጃቸው የያዙትን አንሶላ ጣሉት። "ይቺ የኔ ቤት ልጅ ናት!" አሉና ትከሻቸው ሳይፈቅዱለት ተነሳ። በዚህ መሃል ደብዳቤ ጸሐፊው ሰውዬ ቅርጫቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"ማን ነው?" አለ ወደ ስልኩ እያየ።

"ማክሰኞ የምትዘምረው ናት" አለችው ኤሊን።

እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ሲያልቅ ራሱን ነቀነቀና፣ "ቀጣዩ ተራ የኔ ነው" አለ። ከሱ ይህ ጭብጨባ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ዘፈኑ ዓለምን አዳረሰ። የናኦሚ ትምህርት ቤት ጨፈረበት፣ ሜርስታ ያሉ የሥራ ጓደኞቼ ቅቤ እያሸጉ ጨፈሩበት። እኔ እየሳቅሁ እዞራለሁ፣ ስልኩን ግን ከእጄ አልለይም። እሁድ መጣ፤ እማዬ አልደወለችም። ስደውል አታነሳም። በሚቀጥለው እሁድም ዝም። ሰምታለች ማለት ነው። ኮሪያ ወደደችኝ፣ እናቴን አጣሁ፤ ይህን ሳስብ ዳቦው ላይ ሁለት ቅቤ እያደረግሁ ተቆጣጣሪዬ ገሠጸኝ።

በሦስተኛው እሁድ ማታ ማጠቢያ ቤት ሆኜ ስልኩ ጮኸ። የእሁዱ ተራ የእትዬ አስካለ ነው፤ አንሶላ ያጥፋሉ።

"ሄሎ፣ እማዬ?"

መልሷ ዘገየ፤ መስመሩ ይሁን እሷ አላወቅኩም።

"የጎረቤት ልጆች ግቢ ውስጥ ሲጨፍሩ አለፍኩ" አለች በመጨረሻ። "ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።"

"ለምን?"

"መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩትም። በሁለተኛው አመንኩ።"

"በሦስተኛውስ?"

"በሦስተኛው... ናፍቀሽኝ ነዋ።"

"እንዴት አወቅሽኝ?"

"ልጆቹ ሳይጨርሱ ገባሽ! ማን አለ ሌላ እንዲህ የሚያደርግ?"

"ተቆጥተሻል?"

"ዘፈን ነው፤ ተቆጥቻለሁ። ነገም እቆጣለሁ። ግን ከሁሉ ያናደደኝ ሌላ ነው። ልጆቹን የሠሩትን ሰዎች ስም አስነበብኳቸው። የሁሉም አለ፣ ያንቺ የለም። ሰው የገዛ ድምፁን እንደ ሌባ ይደብቃል? ስሙን ያወጣሁልሽ እኔ አይደለሁም?"

"አንቺን ፈርቼ ነው።"

"ፍሪኝ። ስምሽን ግን አትደብቂ።" ተነፈሰች። "ምንድን ነው የሚያጓራው?"

"ልብስ ማጠቢያ ቤት ነኝ።" ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ እሁድ ኳየር እንደሌለኝ፣ የምዘምረው እዚህ እንደሆነ፣ ማንም ሳይመራኝ ግማሹን ብቻ እንደምቀበል። ሰማችኝ።

"ተቀበይኝ" አለች።

ልጅ ሆኜ መጀመሪያ ያስተማረችኝን መዝሙር ጀመረች። ድምፅዋ ቀጥኗል፤ እኔ ሳላይ አርጅታለች። እትዬ አስካለ አንሶላውን ይዘው ቀጥ አሉ። ዛሬስ አልቸኩልም አልኩ፣ በሙሉ ልቤ አልኩ። አልቻልኩም። እሷ ሳትጨርስ ገባሁ።

ስጨርስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ከዚያ፣ "እሰይ!" ስትል ሰማኋት። "እሰይ የኔ ልጅ! ዛሬ በልኩ ገባሽ! ሰው አገር ሄደሽ ተማርሽው?"

"አዎ እማዬ" አልኳት። መስመሩ እንደሚዘገይ አልነገርኳትም።