ለመኮንን የተረጎምኩለት ትንፋሽ

ነገሩ ከሆነ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሚያዝያ ላይ ነው፣ እዚሁ ሮም። እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ተንኮሉ የእኔ ስለነበረ ነው።

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። አርባውን ዓመት እዚህ አገር የሰው ቤት ስጠርግና ስቀቅል ኖሬ ጡረታ ስወጣ የቀረኝ ጉልበት ሰው ላይ መቀለድ ብቻ ነው።

ወዳጄ መኮንን አዲስ አበባ ሚስቱ ስትሞትበት፣ እዚህ አክስቷ ዘንድ ያደገችው ልጁ ሳራ ወደ ራሷ አመጣችው። ጣሊያንኛው ከ«ቦንጆርኖ» ሰላምታ አያልፍም። ሐኪም ዘንድም ፖስታ ቤትም አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ልቡ ሲያስቸግረው ሐኪሙ፣ «ኪኒኑን እየዋጠ ጭንቀት የሚያቀልለት ነገር ይሞክር» አለ። ሳራ ፓርክ ውስጥ ለአረጋውያን የሚሰጥ የዮጋ አተነፋፈስ ትምህርት አገኘችለት። እኔም ልተረጉምለት አብሬ ተመዘገብኩ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ጥዱ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን እንቀመጣለን። መምህርቷ፣ «የዛፉን ሽታ በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ» ትላለች።

«አንተ፣ ሰባ ዓመት ስተነፍስ ኖሬ አሁን ልማር?» ብሎ ነበር መኮንን መጀመሪያ ላይ። ኋላ ግን ወደደው። እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። የሚስቱንም ስም ሳያለቅስ መጥራት ቻለ። እኔ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ የማስበው ምሳዬን ነበር።

ያን ቀን ትንፋሽ ይዞ የመቆየት ልምምድ ነበር። መምህርቷ፣ «አራት ቁጠሩና ልቀቁ። ልቡን የሚያመው ግን ጨርሶ አይያዝ፣ እንደ ወትሮው ይተንፍስ» አለች። አጥርቼ ሰምቻታለሁ። ወደ መኮንን ዞሬ፣ «ትንፋሽህን ያዝ፤ እኔ ትከሻህን እስክነካህ ድረስ እንዳትለቅ ብላለች» አልኩት።

«አንተ ብትዘገይብኝስ?»

«ሽማግሌ መሆንህን አምነህ ትለቃታለህ።»

ጉንጩን ነፍቶ ያዘ። ፊቱ ሲቀላ ሳቄን አፍኜ አየዋለሁ። በልቤ ሃያ ቆጠርኩ። እጄን ስዘረጋ ወደ እኔ ዘመመና ሣሩ ላይ ወደቀ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

አምቡላንስ እስኪመጣ መምህርቷ፣ «እንዳይዝ ነግረኸዋል አይደል?» አለችኝ።

«ነግሬዋለሁ» አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ሐኪሙ ልቡ ድሮም ደክሞ እንደነበር፣ ያን ቀን ባይሆን ሌላ ቀን እንደማይቀርለት ለሳራ ነገራት። ለቅሶው ላይ እጄን ይዛ፣ «ግራትሲዬ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ። ፓፓ የሚስቀው ከእርስዎ ጋር ሲሆን ብቻ ነበር። እርስዎ ባይኖሩ እዚህ አገር ማን ያናግረው ነበር?» አለችኝ።

አሁንም በበዓል ምግብ ይዛልኝ ትመጣለች። ዛሬስ ልንገራት ብዬ፣ «ተቀመጪ ልጄ» እላታለሁ። ከዚያ ስለ ሊፍቱ መበላሸት አወራላታለሁ። ሐኪሙ ያለው እውነት ሊሆን ይችላል። እኔን ግን አያሳርፈኝም፤ ያመነኝ ሰው ነበር።

ይህን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። የጻፍኩትም በአማርኛ ነው። ሳራ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብ አትችልም። በጣሊያንኛ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም።