ከሕፃኑ አንገት የቆረጥኩት ክር

ዛሬ ጠዋት ጂንካ ክሊኒካችን ውስጥ፣ አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ከአንድ ሕፃን አንገት ላይ የዶቃ ክር ለመቁረጥ መቀስ ስታነሳ አየሁና እጇን ያዝኩት። ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ፤ የራሴን የድሮ እጅ የያዝኩ መሰለኝ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ሥራዬ የታካሚ ቤተሰቦችን ማማከር። ዱካ የምትባል የሐመር እናት ሳንባውን የታመመ ልጇን ክሊኒካችን አስተኝታ ነበር። ለራጅ ሲዘጋጅ ዶቃው ምስሉን እንዳይጋርድ ብዬ የአንገቱን ክር ቆረጥኩና ኪሴ ከትቼ ረሳሁት። የራጅ ተራው ሳይደርስ እናቱ ይዛው ጠፋች፤ አልጋው ባዶ ሆነ። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ከተቋረጠ ልጁ አይተርፍም» አለኝ።

በማግስቱ ልጁን ለማስመለስ በሚኒባስ ወደ ሐመሯ ከተማ ዲመካ ወረድኩ። ከዚያ ቤተሰቡን ከሚያውቀው ከአስተርጓሚው ከወሌ ጋር በበጋው አቧራ ሁለት ሰዓት በእግር ተጓዝን። ኪሴ ውስጥ መሐረብ ስፈልግ ጣቴ ክሩን ነካ። ቁጥቋጦ ውስጥ ጥዬው «አላየሁም» ልል አሰብኩ።

«ወሌ፣ የልጁ አያት ቁጡ ናቸው?»

«ጠመንጃ አላቸው» ብሎ ሳቀ። «ለከብት ሌባ ነው። ከብት ሰርቀሻል እንዴ?»

አልሳቅኩም።

አያትየው ከግራር ሥር በርኮታቸው፣ ትንሿ የእንጨት መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠመንጃው ግንዱ ላይ ተደግፏል። ቅጼን ሳወጣ ወሌ «ወረቀቱ ይቆይ፣ እህቴ። መጀመሪያ ጠጪ» አለኝ። በቅል የቀረበልኝን ትኩስ የቡና ገለፈት መጠጥ ቀሚሴ ላይ አፈሰስኩት። ልጆቹ ሳቁብኝ። ከጎጆው ውስጥ ግን ያ ሕፃን ሳለ፤ ደረቅ፣ ረጅም ሳል።

ክሩን አወጣሁ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

ወሌ አፈጠጠብኝ። «ይኼንን ልንገራቸው?»

«ንገራቸው።»

ሽማግሌው ክሩን ተቀብለው ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። እኔ ጠመንጃውን አያለሁ። በመጨረሻ ሲናገሩ ወሌ ቀስ ብሎ ተረጎመልኝ፦ «ይኼን ያሰርኩት ልጁ እንዲኖር ነው። ስለተቆረጠ እናቱ ፈርታ ይዛው መጣች። እናንተም በመርፌ የምትወጉት እንዲኖር ነው። ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁንም?»

«ይቅር በሉኝ» ብቻ አልኩ።

ክሩን ቋጥረው ልጁ አንገት ላይ መልሰው አሰሩት። ከዚያ በርኮታቸውን አንስተው ቆሙ። «እኔም እሄዳለሁ። የሚፈታ ከሆነ የምፈታው እኔ ነኝ።»

ከዱካና ከልጁ ጋር ክሊኒክ ስንደርስ ራሳቸው ፈቱት፤ ራጁ እስኪነሳ በጭብጣቸው ይዘው ቆሙ። ልጁ ዳነ።

ዛሬ አዲሷ ልጅ «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

«እናቱ አጠገብሽ ናት። ጠይቂያት።»

መቀሱን አስቀምጣ ጠየቀቻት። እናትየው ክሩን ፈትታ በጭብጧ ያዘችው። የእኔ እጅ ግን ሳላውቀው ኪሴ ገብቶ ያንን የድሮ ክር ይፈልግ ነበር።